ነቀዝ የገባበት ዝምታ

ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሰው በተናገረው ቃል ተይዞ ሲቀጣ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ባልተናገርኩት ተያዝኩ። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው ካለ እስቲ ወደ ቆቦ ይምጣና የአባቴ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆሞ ይበለው። የእህል ነጋዴ ልጅ ነኝ። የማይነቅዝ ነገር እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ እንደማንኛውም አዲስ ገቢ ጄኔራል ሳይኮሎጂ የሚባል ኮርስ እወስዳለሁ። ሌሎቹ ኮርሶች እንቅልፌን ሲያመጡብኝ ይህ አንዱ ግን ልቤን ወሰደው። ሰውን ሁሉ ከላይ ሆኜ የማየው ይመስለኝ ጀመር። ካፌ ወረፋ ላይ የሚጋፋውን ልጅ «ይህ የተማረው ባህሪ ነው» እያልኩ ለዶርም ጓደኛዬ ለፍሬሰላም አስረዳታለሁ። እሷም ትስቅብኛለች።

ምዕራፍ ሦስት ስለ መማር ነው። ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚዝረበረብ ውሻ አለ። ሳጥን ውስጥ ሆና ዘንግ እየተጫነች ምግብ የምታገኝ አይጥም አለች። ዘንጉን ብትጫን ብትጫን ምግቡ የማይመጣላት ከሆነ አይጧ ውላ አድራ መጫኗን ትተወዋለች። ምላሽ ያጣ ባህሪ ይከስማል ማለት ነው። መምህራችን ደጀን ግን እዚህ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ፦ «ተጠንቀቁ! ከመክሰሙ በፊት ለጥቂት ጊዜ ይብሳል። ነዳጅ ያለቀበት ኩራዝ ሊጠፋ ሲል ቦግ እንደሚለው ነው። ያን ጊዜ ከተሸነፋችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው።» ይህንን ሞጁሌ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት። ምነው ያኔ እጄን በሰበረው!

ለመንፈቀ ዓመት እረፍት ስንወጣ የቤት ሥራ ተሰጠን። ከቤታችሁ የአንድ ሰው አንድ ባህሪ ምረጡ፣ ለሁለት ሳምንት መዝግቡ፣ የተማራችሁትን ሞክሩበት፣ ውጤቱን ይዛችሁ ኑ ተባልን። ፍሬሰላም የወንድሟን ጥፍር መብላት መረጠች። እኔ የአባቴን የትዳር ወሬ መረጥኩ።

አባቴ ኡበይድ ክፉ ሰው አይደለም። የጤፍና የማሽላ ነጋዴ ነው፤ ቆቦ ላይ ስሙ ሲጠራ ሰው ወንበር ይለቅለታል። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ ከእሱ ጋር ምሳ መብላት ፈተና ሆነብኝ። አንድ ቀን የአላማጣ ነጋዴ፣ አንድ ቀን የወልድያ ፋርማሲ ባለቤት ያመጣልኛል፤ እኔም እጮሃለሁ፣ እሱም ይጮሃል፣ እናቴ መሃል ትገባለች። ሁለታችንም አንድ ነገር ግን ተናግረን አናውቅም። እሱ ስለማያውቀው፣ እኔ ስለምፈራው።

ያ ነገር ከማሉዲን ይባላል።

ከማሉዲን ዋጃ ላይ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። አባቴ በዋጃ መንገድ ሽንኩርት የሚያለማበት የኪራይ መሬት አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተሩ ቆሞ ሽንኩርቱ በዚያ በቆላው ፀሐይ ሲጠወልግ እሱ ተጠራ፤ እኔም ለሠራተኞቹ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ምን ይልሃል?» አልኩት፣ ላሾፍበት።

ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። እንደገና ወደ ሞተሩ ሲመለስ ካቻቪቴውን ገልብጦ፣ ጫፉን ወደ ጆሮው አድርጎ ያዘው።

«እስኪጨርስ አላቋርጠውም» አለኝ።

እኔ ሳወራ ማንም እስኪጨርስ ጠብቆኝ አያውቅም። ቤታችን ውስጥ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ ነው የሚያወራው። ያን ቀን ምሳውን አቅርቤ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያቺ የተገለበጠች ካቻቪቴ እያሳቀችኝ ሄድኩ፤ ቤት ስደርስ ግን ሳቁ ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ በስውር መገናኘት ጀመርን፤ ሁለት ጊዜም «ሽማግሌ ልላክ?» ብሎኛል። ሁለቱንም ጊዜ «ቆይ» አልኩት። አባቴ ግራሶ ለማይለቀው እጅ ልጁን ሲሰጥ አይታየኝማ!

ቤት በገባሁ በማግስቱ ምሳ ላይ አባቴ ጀመረ።

«ጀዊሪያ፣ ሙዓዊያን ታውቂው የለ? የጎብዬውን። ሁለት አይሱዙ አለው። ሶላቱን የማያሳልፍ ልጅ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ እያለ መልስ እሰጥ ነበር። አሁን ግን ምላሽ ልነፍገው ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ከሳህኑ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ከምሳ በኋላ ክፍሌ ገብቼ ደብተሬ ላይ «ሰኞ፣ ምሳ ላይ፣ አንድ ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ አነሳው። ረቡዕም ሁለቴ፣ ያውም ድምፁን ለስለስ አድርጎ። ሐሙስ አራት ጊዜ! ጭራሽ ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ ገባና ቆርሶ በእጁ ሰጠኝ። እኔም በደስታ «ቦግ አለ፤ ሊከስም ነው» ብዬ መዘገብኩ። ዓርብ ወደ ሁለት ወረደ። ከቅዳሜ ጀምሮ ጭጭ አለ። ቅዳሜ ዜሮ፣ እሁድ ዜሮ፣ ሰኞ ዜሮ።

ግራፍ ሠራሁለት። ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የወረደ፣ ሞጁሉ ላይ ካለው የማይለይ ግራፍ። ፎቶ አንስቼ ለፍሬሰላም ላክሁላት፤ «የወንድሜ ጥፍር አላለቀም፣ አንቺ ግን አባትሽን ጨረስሻቸው» ብላ መለሰችልኝ። እንደዚያ ማታ ተደስቼ ተኝቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ሀጀራ ሜትር ይዛ ክፍሌ ገባች።

«ቁሚ እስቲ፣ ቁመትሽን ልለካ።»

«ለምኑ?»

«ለምኑ ትለኛለች! ለኒካሁ ነዋ። ሐሙስ አይደል?»

«የማን ኒካህ እማ?»

እናቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ።

«አንች ልጅ፣ ደህና ነሽ? አባትሽ ስንቴ ጠየቀሽ፣ ስንቴ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም አልሽ። ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቀደች ነው። ቁርዓን ቤት አልተማርሽም?»

«እሱማ ሼህ መጥተው ሲጠይቁ ነው እንጂ! ምሳ እየበላሁ፣ በወሬ መሃል…»

«ሌላይቱ ልጅ ዝም ብትል እኔም እጠራጠር ነበር» አለች እናቴ። «አንች ግን! ወፍጮ ቤት የሚያክል አፍ ያለሽ ልጅ! ‹ጀዊሪያ ዝም ካለችማ ልቧ ወዷል› ብሎ አባትሽ ደስታው ወሰን አጣ። ሐሙሱን ከሼህ ረዲ ጋር ቆረጠ። ይሄው ከትናንት ጀምሮ ጎብዬ ነው፣ ለድግሱ ሰንጋ ሊያይ።»

ታዲያ የከሰመው ምን ነበር? ምንም አልከሰመም። አባቴ ዝም ያለው ጉዳዩን ስለጨረሰ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዝምታ ወለምታስ በምን ይታሻል? «አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። አሁን ነው አፌ የተከፈተው፣ ከስምንት ቀን በኋላ።

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለች እናቴ፣ ክንዴን ይዛ። «ቃል ወጥቷል የኔ ልጅ። አባትሽን ሰው ፊት ልታዋርጂ? ነገ ሼህ ረዲ ከሁለት ምስክር ጋር ቃልሽን ሊሰሙ ይመጣሉ። አንዲት ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ ያኔም ዝም በይ።»

ለከማሉዲን ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግሜ ዝግ ነው። የአባቴ ስልክ አይያዝ፣ ከማሉዲን አይገኝ፣ እናቴ አትሰማ። ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወርኩት፤ መሬት ላይ እንዳልወረውረው የገዛልኝ አባቴ ነው። በዚህ መሃል ነው ጎረቤታችን ሀስና የመጣችው። ሀስና ቅመም ትሸጣለች፣ ዋጃ ገበያ ትመላለሳለች። ከዘምቢሏ ውስጥ አንድ የኩሽኔታ ካርቶን አውጥታ፣ እናቴ አለመኖሯን በዓይኗ አጣርታ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ካርቶኑ ተዘርግቶ በውስጡ ተጽፎበታል። የዘይት ጣት አሻራ አለበት።

«ጀዊሪያ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ስልኬ ጉድጓድ ገባብኝ፣ በዚህ ታገሽኝ። የገበያው ወሬ ደረሰኝ። ስትጠየቅ ዝም አለች አሉኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ፈርታ ነው፣ ተገዳ ነው እል ነበር። አንችን ግን አውቅሻለሁ። ሻይሽ ላይ ስኳር ከበዛ መንገድ ሙሉ ስታማርሪ የምትውይ ነሽ። የማትፈልጊውን ዝም ብለሽ አታልፊም። ወደሽ ነው። አላህ ያሳምርልሽ። የአባትሽ ፓምፕ ዘይቱ መቀየሪያው ደርሷል። ካሁን ወዲያ ሌላ ሰው ይቀይረው። ከማሉዲን።»

ሦስቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሁለተኛው ተናደድኩ፣ በሦስተኛው ዘይቱ ላይ ስደርስ የማደርገውን አጣሁ። ሞተር እስኪጨርስ የሚያዳምጠው ሰው እኔን ሳይሰማ ጨረሰኝ!

ነጠላዬን ጣል አድርጌ መናኸሪያ ሄድኩ። የዋጃ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ የተቀመጥኩባት ጊዜ ከዚያ ሳምንት ሁሉ ትረዝም ነበር። ከማሉዲንን ያገኘሁት ሱቁ በር ላይ፣ የተፈታ ፓምፕ ፊት ቁጢጥ ብሎ ነው። ሲያየኝ አልተነሳም።

«ለምን መጣሽ? ሙሽራ እንዲህ አይወጣም።»

«አልፈቀድኩም!» አልኩት። «የቤት ሥራ ነው!»

እንዲህ ብዬ የጀመርኩትን ነገር ማን ይረዳዋል? ግን እሱ ቁልፉን አስቀምጦ አዳመጠኝ። ስለ አይጧ፣ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ኩራዙ፣ ስለ ግራፉ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ልማዱ አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ።

«እንግዲህ አባትሽ አይጧ ናቸው?»

«እንደሱ አይደለም!»

«እኔስ? ውሻው ነኝ? ደወል እስክትደውይልኝ የምጠብቅ?»

«ከማል፣ እባክህ…»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልላክ ስልሽ ‹ቆይ› አልሽኝ። ለኔ ‹ቆይ›፣ ለሙዓዊያ ዝምታ። ለሱ የሰጠሽው ዝምታ እንኳ እሺ ተብሎ ተቆጠረለት። እስቲ ልጠይቅሽ ጀዊሪያ፣ ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ስሜን ለአባትሽ ጠርተሽላቸው ታውቂያለሽ?»

ዓይኔን ወደ ተፈታው ፓምፕ መለስኩ።

«ይሄውልሽ» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ፈርቼ ነው» አልኩት በመጨረሻ። «ከእጅህ ግራሶ አፍሬ አይደለም። አባቴን ከጠየቅሁትና አይሆንም ካለኝ፣ ያኔ አለቀ። ካልጠየቅሁት ግን አላለቀም። ሁለት ዓመት እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህንን ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። ከማሉዲን ጨርቁን አስቀመጠ። እጁ ወደ እኔ ሊመጣ ብሎ ግራሶውን አየና መለሰው።

«አብሬሽ ልምጣ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ወዲያው ግን ራሱን ነቀነቀ። «አይ። እኔ ከመጣሁ የኔ ቃል ይሆናል። የጠፋው ያንች ነው።»

በሚኒባሱ መስኮት የዞብል ተራራ በአቧራ ተሸፍኖ ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ማልቀሴን አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ሞት ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ የቤት ሥራ ነው» አልኳቸው። የሚያጽናና ቃል አጡልኝ፤ እኔም ራሴን የማጽናናበት አልነበረኝም።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ሳሎኑ ውስጥ ሼህ ረዲ፣ ሁለቱ ምስክሮች፣ ጠዋት ከጎብዬ የተመለሰው አባቴ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሙዓዊያ ራሱ ተቀምጠዋል። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ጠዋት አባቴን ለብቻው ላገኘው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው አለበት፣ ስልክ አለበት፣ ሳቅ አለበት። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ አፌን ያዘኝ።

«ልጄ ጀዊሪያ» አሉ ሼህ ረዲ ጉሮሯቸውን ጠራርገው። «አባትሽ ለሙዓዊያ ሊድርሽ አስቧል። ፈቅደሻል ወይ? ማፈር ያለ ነው። ዝም ካልሽም እንደ ፈቃድሽ እንይዘዋለን።»

እናቴ ጉልበቴን ጨበጠችው። ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ይሰማኛል። ዝም ብል ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። አንዲት ትንሽ ጊዜ ብቻ፣ አንገቴን ደፍቼ። በጣም የለመድኩት ነገር ነበር።

«ሼህ ረዲ፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። «አልፈቀድኩም።»

ከሳሎኑ «ላኢላሃ ኢለላህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሙዓዊያ ተነሳ።

«እንኳን ዛሬ ሆነ፣ ነገ አላደረገው» አለ። ሌላ ምንም አላለም። በሩ ላይ ጫማው አልገባ ብሎት መሬቱን ሲረግጥ፣ ደግሞ ሲረግጥ ሰማሁት። ምንም ያልበደለኝ ሰው ነው። ያ የጫማ ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሰዉ ወጣ። አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አሥር ጊዜ ጠየቅሁሽ» አለኝ።

«አሥራ አንድ» አልኩ። አምልጦኝ ነው።

«ምን አልሽ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ ነው አባ።»

ደብተሩን ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ የምደብቀው ነገር እንዲኖር ያልፈለግሁ ይመስለኛል። መነጽሩን አደረገ። አባቴ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሰኞ፣ ምሳ ላይ፣ አንድ ጊዜ… ረቡዕ፣ ሁለት ጊዜ፣ ድምፁን አለሰለሰ…» ሐሙስ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ሐብሐብ ይዞ መጣ። ቦግ አለ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሐብሐቡን የወደድሽው መስሎኝ ነበር።»

«ወድጄዋለሁ አባ!»

«እኔ ልጄን ስጠይቅ አንች ትቆጥሪ ነበር።»

እግሩ ስር ተደፋሁ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ኮርስ፣ ውጤት፣ መምህር የሚሉት ቃላት አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆኑ። እሱ አልሰማኝም፤ የራሱን ነበር የሚያወራው።

«ልጅ ሆነሽ ስትናደጂ ትጮሂ ነበር። ሲከፋሽ ትጮሂ ነበር። ሲርብሽ ሰፈሩ ይሰማ ነበር። ዝምታሽን መች አውቄው? የማላውቀውን ነገር በመልካም ተረጎምኩት። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ምንም። ምንም ማድረግ አልነበረበትም። እኔ ነበርኩ ማድረግ የነበረብኝ።

ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣ ደብተሩን ከደነ።

«ሌላ ሰው አለ?»

አንገቴ በራሱ ጊዜ ተደፋ። ዓይኔ ምንጣፉ ላይ ተተከለ። ያቺ የለመድኳት ዝምታ መጣች፤ ምላሴን ያዘች።

«አይሆንም!» አለ አባቴ። ይኸው አሁን ጮኸ። «ወላሂ ካሁን በኋላ ዝምታሽን አልተረጉምልሽም! አላህ አፍ ሰጥቶሻል። ተናገሪ!»

«ከማሉዲን» አልኩ።

«የትኛው ከማሉዲን?»

ያውቀዋል። እንደሚያውቀው ከፊቱ ታየኝ። ግን እስክናገረው እየጠበቀ ነው፣ ሳያቋርጠኝ።

«የዋጃው። ፓምፓችንን የሚጠግነው። ሁለት ዓመት ሆነን። ሽማግሌ ልላክ ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ። እወደዋለሁ አባ።»

አባቴ ዝም አለ።

ግራሶ ያለበት እጅ እየታየው ይሆን? የሙዓዊያ ጫማ እየተሰማው ይሆን? የተነዳውን ሰንጋ እያሰበ ይሆን? ልቤ ወዲያው መገመት ጀመረ፣ ምዕራፍ ሦስትን ማገላበጥ ጀመረ። ዝም በይ አልኩት ልቤን። ተጠጋሁና ጉልበቱን ያዝኩት።

«አባ፣ ዝም አልክ። ዝምታህ ምን ማለት ነው?»

መነጽሩን አወለቀ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ማዘኔ ነው» አለኝ። «ማዘኔ ነው እንጂ፣ አይሆንም ማለቴ አይደለም።»

የዚያን ጊዜ ያለቀስኩት ልቅሶ የሳምንቱም፣ የሁለቱ ዓመትም ነበር። አባቴ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ሌላውን እጁን ደብተሩ ላይ እንዳደረገ ነው።

«ሽማግሌ ይላክ በዪው» አለ። «አሥር ጊዜ ይምጡ። አሥሩንም ጊዜ ዝም እላቸዋለሁ። በአሥራ አንደኛው እንተያያለን።»

ፊቱን አየሁት። ቀልድ ይሁን ምር ከፊቱ አላገኘሁትም። ስለዚህ ጠየቅሁት።

«ቀልድህን ነው አባ?»

«ግማሹን» አለኝ።